ቡችላዋን በ6 ሳምንቷ ልስጣት ወይስ 8 እስኪሞላት ልያዛት?

የካርቶን እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የምጽፈው እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው። እስከ ቅዳሜ መልስ መስጠት አለብኝ።

ከወር በፊት የተጣሉ ውሾችን የሚሰበስቡ ልጆች አምስት ቡችሎች በካርቶን ይዘውልኝ መጡ። «ቋሚ አሳዳጊ እስኪገኝላቸው በአደራ ያዥልን» ነው ያሉኝ። እናታቸው የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። ዓይናቸው ገና መሰንጠቁ ነው፣ ጆሯቸው ድፍን ነው፤ ሐኪሙ አይቶ «10 ቀን ቢሆናቸው ነው» አለ። ቤቴ ውሻ ጠፍቶበት አያውቅም፣ ቡችላ በጡጦ ማሳደግ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን አራት ናቸው። አምስተኛው በሦስተኛው ሌሊት ሞተብኝ፤ እሱን ዘልዬ ወደ ጥያቄዬ ብሄድ ደስ አይለኝም። 410 ግራም ነበር፣ ከሁሉም ያንሳል። ሌሊት ስነሳ ከሌሎቹ ተነጥሎ ካርቶኑ ጥግ ተኝቶ አገኘሁት። ሳነሳው ሆዱ ቀዝቅዟል። ራበው ብዬ ወተቱን አሞቅኩና እንደ ሰው ልጅ ክንዴ ላይ በጀርባው አንጋልዬ ጡጦውን አጎረስኩት። ሁለቴ ዋጠ። በሦስተኛው ወተቱ በአፍንጫው ተመልሶ መጣ። ሳይነጋ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዣለሁ። የወጥ ቤቱ ሚዛን ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጬ ጠዋት ጠዋት እመዝናቸዋለሁ። ባለቤቴ «ለእኔ አንድ ቀን እንዲህ ብትጨነቂ ምን አለበት» እያለ ይቀልዳል፤ ጥጥ በሞቀ ውሃ ነክሮ ከጅራታቸው ሥር እያሸ ሲያሸናቸው ግን ከእኔ ይልቅ እጁ ፈጣን ነበር። ያ ሁሉ አልፎ አሁን በውሃ የራሰ የቡችላ ምግብ በሳህን ይበላሉ፤ ማለት ግማሹን ይበላሉ፣ በግማሹ ይታጠባሉ። ድንቡሼ ትናንት 2 ኪሎ ከ850 ገባች። ሻሼና ቦቃ ይከተሏታል። ኩርፊያ 1 ኪሎ ከ900 ላይ ናት፤ ስሟን ያገኘችው ከሳህኑ ሲገፏት ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስለምትቀመጥ ነው።

ጥያቄዬ ስለ ድንቡሼ ነው። ትናንት አንድ ቤተሰብ መጥቶ አይቷት ወደዳት። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ነው የተጫወቷቸው፤ ትንሹ ልጅ ማንም ሳይነግረው እጁን ታጥቦ መጣ። ግን ቅዳሜ መውሰድ ይፈልጋሉ። ቅዳሜ 6 ሳምንት ከ4 ቀን ይሆናታል። ምክንያታቸው አባትየው የሁለት ሳምንት እረፍት ላይ ነው፣ «ቤት እያለሁ ትልመደን» ይላል። ያመጡልኝ ልጆች ደግሞ «ደንባችን 8 ሳምንት ነው፣ ሆኖም ካመንሽባቸው አንቺ ወስኚ» ብለው ጣጣውን ለእኔ ጣሉት።

ሁለት ሳምንት ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? እየበላች ነው፣ ጤነኛ ናት፣ መጫወት እንጂ ሌላ ሥራ የላትም። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ አልሰጥም የምለው ለእሷ ብዬ ይሁን ለራሴ ብዬ ለይቼ አላውቀውም።


የሌሊት ተረኛ፦

አትስጪ።

አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ። በስድስት ዓመት 31 ቡችላ በአደራ አሳድጌአለሁ፣ ከነሱ አንዱን ብቻ ነው በ5 ሳምንቱ የሰጠሁት፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ያ ልጅ ገና ከመጀመሪያው ብቻውን የተገኘ ነበር። እህት ወንድም የለውም፣ እናት የለውም፣ ያለው የእኔ እጅ ነው። ተረከዜን ሲነክሰኝ እየሳቅኩ እግሬን አነሳለሁ። ጥርሱ እንደ መርፌ ነው፣ ግን ትንሽ ነው፣ ማን ይቆጣዋል? ቶሎ ቤት አገኘ ብዬ ደስ ብሎኝ ሰጠሁት። በ4 ወሩ መለሱልኝ። የቤቱን ልጅ ለጨዋታ ብሎ ክንዷን ይዞ አድምቷታል። ክፉ ውሻ ሆኖ አልነበረም፤ ስንት ያህል ሲነክስ እንደሚያም የነገረው አልነበረም እንጂ።

አንቺ «መጫወት እንጂ ሌላ ሥራ የላትም» ያልሽው ራሱ ትልቁ ሥራዋ ነው። ነገ ቁጭ ብለሽ እያቸው። ድንቡሼ የቦቃን ጆሮ አጥብቃ ስትይዝ ቦቃ እሪ ይላል፣ ጥሏት ይሄዳል። ጨዋታው ቆመ ማለት ነው። ተመልሳ ስትመጣ ቀለል አድርጋ ትይዘዋለች። ይህን በቀን ሃምሳ ጊዜ ያደርጉታል፤ ከ5ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ዋናው ጊዜው ነው። እናት ብትኖር እሷም ትቆጣ ነበር፤ የአንቺዎቹ እናት ስለሌላቸው እርስ በርሳቸው ያላቸው ትምህርት እጥፍ ይፈለጋል። በበርካታ አገሮች ከ8 ሳምንት በታች ያለ ቡችላ መሸጥ በሕግ የተከለከለው ሰዎች ቁጥር ስለወደዱ አይደለም።

ሌላው፣ የሰውየው ምክንያት ነው ያሳሰበኝ። እረፍቱ ሁለት ሳምንት ነው አልሽ። እሺ፣ ቅዳሜ ወሰዳት። እረፍቱ ሲያልቅ ስንት ሳምንቷ ነው? 8 ተኩል። ያኔ ቤት የሚውለው ማነው? በዚያ ዕድሜ ቡችላ ቀን ላይ ሽንቷን ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ መያዝ አትችልም፣ በቀን አራት ጊዜ ትበላለች። መልሱ «ማንም» ከሆነ ችግሩ የቅዳሜ ጉዳይ አይደለም። ይህን ጥያቄ ጠይቂያቸው፤ ሳትፈሪ ጠይቂ። ጥሩ ሰው ጥያቄ አያስቀይመውም።

«ለእሷ ይሁን ለራሴ» ያልሽው የሁላችንም ነው። እኔ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የመጣውን አሳዳጊ ሁሉ በሰበብ እመልስ ነበር፤ አንዱንማ ጫማው ስላላማረኝ ነው የመለስኩት። ስለዚህ አሁን የምፈልገውን ቀድሜ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ቤት ማን ይውላል፣ ሲታመም ማን ሐኪም ቤት ይወስደዋል፣ የሚተኛው የት ነው፣ ማሳደግ ቢያቅታችሁ ለእኔ ትመልሱታላችሁ ወይስ ለሌላ ትሰጡታላችሁ። ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር መመለሻ ምክንያት አይሆንም።


ነጭ ጋዋን፦

የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት እሠራለሁ፤ ሐኪም አይደለሁም፣ የማውቀውን ላካፍል።

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለሞተው። ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት የራሱን ሙቀት መያዝ አይችልም። ሰውነቱ ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ አንጀቱ ሥራ ያቆማል፤ የሰጠሽው ወተት ወይ ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል ወይ ተመልሶ ወደ ሳንባው ይገባል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ምግብ። ማሞቁም ቀስ ተብሎ ነው፤ ደረትሽ ላይ ከልብስሽ ሥር አድርገሽ አንድ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ። ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር የለም። ሲጠባ ደግሞ በደረቱ ተኝቶ፣ አንገቱ ትንሽ ቀና ብሎ ነው፤ ከእናቱም ሥር ሲሆን እንደዚያ ነው የሚጠባው። በጀርባ መያዝ የሰው ሕፃን አያያዝ ነው፣ ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ግን ይህንንም ስሚ፤ ከሌሎቹ ተነጥሎ መተኛቱ ራሱ ቀድሞ የታመመ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። ሁሉን ነገር በትክክል ብታደርጊም ላይተርፍ ይችል ነበር።

አሁን ወደ ድንቡሼ። ክትባት ጀመረች? አልጻፍሽም። የመጀመሪያው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ እየተደገመ 16 ሳምንት እስኪሞላት ይቀጥላል። ሰው «ለምን ይደጋገማል? አንዱ አይበቃም?» ይለናል። ምክንያቱ እንገሩ ነው። ቡችላ ከእናቱ እንገር ያገኘው መከላከያ ደሙ ውስጥ እስካለ ድረስ ክትባቱንም ያከሽፈዋል፤ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። አንዱ በ7 ሳምንቱ ያልቅበታል፣ ሌላው በ14። ስለዚህ ሳንገምት ደጋግመን እንሰጣለን። የአንቺዎቹ እንገር ማግኘታቸውም አይታወቅም።

የምፈራው ፓርቮን ነው። ይህ ቫይረስ የታወቀው በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ዓለምን አዳረሰ። ቡችላው መጀመሪያ ይደነዝዛል፣ መብላት ያቆማል፣ ከዚያ ትውከትና ሽታው ልዩ የሆነ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመጣል። አንዱ ምልክት ከታየሽ እስከ ነገ አትጠብቂ፣ በሰዓታት ነው የሚቆጠረው። መሬት ላይ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል፤ በጫማ ይመጣል። ስለዚህ ሊያዩ የሚመጡት ሰዎች ጫማቸውን ውጭ ያውልቁ፣ እጃቸውን ይታጠቡ። ወለሉን የምታጸጂበት ተራ ሳሙና አይገድለውም። በረኪና ይገድለዋል፤ 1 እጅ በረኪና ለ32 እጅ ውሃ፣ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ቆሻሻው ግን መጀመሪያ መታጠብ አለበት፣ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ቡችሎቹንም እስኪደርቅና ሽታው እስኪጠፋ አርቂያቸው።

የትል መድኃኒት በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንት ነው። «ንጹሕ ቤት ነው ያደጉት» አይሠራም፤ ክብ ትል ገና በማህፀን ሳሉ ከእናታቸው ይተላለፍባቸዋል። ሰውንም ይይዛል፣ በተለይ ልጆችን። እጁን የታጠበውን ልጅ አመስግኚልኝ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ እናታቸው ስለማትታወቅ፣ ጥርሳቸው ቆዳሽን ከበጣው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጠቢና የሰው ሐኪም አማክሪ። የእብድ ውሻ በሽታ ከታመሙበት በኋላ መድኃኒት የለውም፣ ከዚያ በፊት ግን በክትባት ይከላከሉታል። ለቡችሎቹ ራሳቸው ክትባቱ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ 12 ሳምንት ሲሞላቸው ነው።


አሮጌው ውሻና እኔ፦

ሁላችሁም «አትስጪ» ስላላችሁ እኔ ልቃወም።

የእኔን ውሻ በ6 ሳምንቱ ነው የወሰድኩት። ዛሬ 9 ዓመቱ ነው፣ ሰው ነክሶ አያውቅም። እኔ ጎበዝ አሳዳጊ ስለሆንኩ አይደለም፤ ቤት ውስጥ አንዲት ትልቅ ውሻ ነበረችኝ፣ እሷ ናት ያሳደገችው። አንድ ጊዜ ምግቧ አጠገብ ደርሶ ስታጉረመርምበት ያየሁት ይበቃል፤ ወለሉ ላይ ተገልብጦ ሆዱን አሳያት። ጭራዋን ሲነክስም ዞር ብላ አፏን ከፍታ አፍንጫውን ትሸፍነው ነበር፣ ጥርሷ ሳይነካው። እኔ ያንን ማስተማር እችል ነበር?

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቡችላ ሰውንና ዓለምን የሚለምደው ከ3 እስከ 12 ወይም 14 ሳምንቱ ድረስ ነው። የአደራ ቤት ውስጥ ካርቶንና አራት ግድግዳ ብቻ አይቶ 8፣ 9፣ 10 ሳምንት ከሞላው ያም ጉዳት ነው። ያየሁት አለ፤ በ3 ወሩ ወጥቶ ዣንጥላ ሲከፈት ሶፋ ሥር ገብቶ ግማሽ ቀን ያልወጣ።

ስለዚህ ጥያቄው ስንት ሳምንት ብቻ አይደለም፣ የት ነው የምትሄደው ነው። ሰዎቹ ትልቅና ጨዋ ውሻ አላቸው? ካላቸው እኔ እሰጥ ነበር።


የሌሊት ተረኛ፦

ወንድሜ፣ የትልቋ ውሻ ነገር እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ትልቅ ውሻ ሁሉ ግን ቡችላ አይወድም፤ የአንተዋ ትዕግሥተኛ ስለሆነች ነው። ያልተከተበ ቡችላ ደግሞ ክትባቱ ያልተሟላ ውሻ ጋ አይሄድም፤ የአደራ ቡችሎችን ከቤት ውሻ ለ14 ቀን ለይቼ የማቆየውም ለዚህ ነው።

ስለ ዣንጥላው ትክክል ነህ። የካርቶን እናት፣ ሁለቱን ሳምንት በከንቱ አታሳልፊያቸው። የቤት ዕቃ ይንኳኳ፣ ድስት ክዳን ይውደቅ፣ ግን መጀመሪያ ከሩቅ። አንድ ቀን ፎጣ አንጥፊ፣ አንድ ቀን ሸካራ ምንጣፍ፣ አንድ ቀን የሚንኮሻኮሽ ላስቲክ። ባርኔጣ ያደረገ ሰው፣ መነጽር ያደረገ ሰው፣ ድምፁ ወፍራም ሰው ይምጣ፣ ጫማውን አውልቆ። እያንዳንዳቸውን በየቀኑ ለአሥር ደቂቃ ከሌሎቹ ለይተሽ ሌላ ክፍል ውሰጂ፤ ብቻ መሆንን ቀስ እያሉ ካልለመዱት መጀመሪያ የሚሄዱበት ቤት ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳሉ። ሲነቁ፣ በልተው ሲጨርሱና ተጫውተው ሲያበቁ ወዲያው ወደሚሸኑበት ቦታ፤ በእነዚህ ሦስቱ ከደረስሽ ግማሹን አስተማርሻቸው።

ቤተሰቡም ይምጣና በዚህ ይርዳሽ። ያረጀ ብርድ ልብስ ይዘውልሽ ይምጡ፣ ካርቶኑ ውስጥ አንጥፊው፣ ስትሄድ የእህት ወንድሞቿን ሽታ ይዞ አብሯት ይሄዳል።


የካርቶን እናት፦

ሦስት ሳምንት ሆነ፣ ይቅርታ። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዓርብ ዕለት ደወልኩላቸውና «እረፍቱ ሲያልቅ ቤት ማን ይውላል?» አልኩ። አባትየው ዝም አለ። ከዚያ «ጎረቤት አልፎ አልፎ ብቅ ይልላታል» አለኝ። 8 ሳምንት እስኪሞላት ኑና እዩዋት፣ እናንተም ልመዷት፣ ብርድ ልብስ አምጡ፣ እስከዚያ የሚውልላትን ሰው ፈልጉ አልኩት። «እናስብበት» አለ። በሳምንቱ ልጆቹ ከሌላ ቦታ ቡችላ እንደመጣላቸው በመልእክት ነገረኝ። ፎቶም ላከልኝ። ትንሽ ናት፣ ከ6 ሳምንት የምትበልጥ አልመሰለኝም። ሁለት ቀን ሙሉ ራሴን ስወቅስ ነበር፣ ድንቡሼን ብሰጥ ኖሮ ያቺ ሌላዋ ከእህቶቿ ጋር ትቆይ ነበር እያልኩ። ባለቤቴ «ይህ ሒሳብ መጨረሻ የለውም» ብሎ ወስዶ በረኪና አስያዘኝ።

ነጭ ጋዋን፣ ክትባቱን በማግስቱ ነው ያስጀመርኳቸው። የትሉን መድኃኒት በወሰዱ ማግስት ያየሁትን አልጽፈውም፣ ቁርስ ላይ የሚያነብ ይኖራል። እኔም ሐኪም አማክሬአለሁ፤ እጄ ጭረት በጭረት ነበር።

ሻሼና ቦቃ ለየብቻ ሄደዋል፣ ቤታቸው ማታ ማታ ቪዲዮ ይልክልኛል። ድንቡሼን የወሰዷት አንድ ጡረታ የወጡ ሰውዬ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው፣ ክትባቱ የተሟላ አሮጌ ውሻም አላቸው። 8 ሳምንት ከ3 ቀኗ ነበር፣ 4 ኪሎ ከ100። አሮጌው ውሻና እኔ፣ አንተን እያሰብኩ መጀመሪያ ግቢያቸው ውስጥ አገናኘናቸው። ሽማግሌው ውሻ አሸተታትና ዞሮ ተኛ። እሷ መች ታርፋለች፣ ሄዳ ጆሮውን ያዘች። ከጉሮሮው አንድ ጊዜ ብቻ «እርርር» አለ። ለቀቀችው። ትንሽ ቆማ አየችውና እንደገና ያዘችው፤ በዚህኛው ግን በከንፈሯ ብቻ ነው የያዘችው፣ ልክ የቦቃን ጆሮ እንደምትይዘው። ሰውየው «ይህቺን ማን አስተማራት?» አሉኝ።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደወሉልኝ፣ እያለቀሰች ነው፣ ምን ላድርግ ብለው። ብርድ ልብሷን ከአልጋዎ አጠገብ ወለሉ ላይ ያንጥፉት፣ እጅዎን ዝቅ ያድርጉላትና ታሽትተው አልኳቸው። ስልኩ ሳይዘጋ እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ ሲያንኮራፉ ይሰማኛል።

ሰኞ ሌላ ካርቶን ሊመጣ ነው። ሦስት ናቸው፣ ዓይናቸው አልተከፈተም። የኋላውን ክፍል በሩን ዘግቼ አዘጋጅቻለሁ፣ ኩርፊያ ለ14 ቀን አትደርስባቸውም። የሌሊት ተረኛ፣ የሙቅ ውሃውን ጠርሙስ በስንት ፎጣ ነው የምትጠቀልዪው? በአንድ ሲሆን ለእጄ በጣም ሞቀኝ፣ በሁለት ደግሞ ምንም አይሰማም።